ከደጋ ወርዶ በይፋት ቆላ የሚሠራ ሞተር ብስክሌት፦ የካርቡሬተር አመረማመርና አስተካከል

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከገበሬው ማሳ በወቅቱ ሊደርስ የሚችለው መጓጓዣው በወቅቱ ሲነሣለት ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው የአሜሪካ መጤ ተምች እንቁላሉን በጣለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትል ሆኖ ቅጠል መብላት ይጀምራል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በምሥራቅ አማራ ቆላማ ቦታዎች የታየው የበረሃ አንበጣ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ከወረዳ ወረዳ የሚሻገር ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሞተር ብስክሌቱ እየተንገጫገጨ ከመንገድ ቢቀር፣ የሚጠፋው የአንድ ቀን ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ምክሩም መድኃኒቱም ሳይደርስ ሰብሉ ሊበላ ይችላል።

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ባሉት የይፋት ቆላዎች የሞተር ብስክሌት ችግር ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ካርቡሬተሩ ነው። ወቀሳው አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ በአየር ማጣሪያው፣ በቤንዚኑ ወይም በካንዴላው ላይ ሆኖ ሳለ ጤነኛው ካርቡሬተር ይፈታል። ከዚህም ሌላ ይህ አካባቢ የራሱ የሆነ አንድ ችግር አለው። ይኸውም በደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ማስተካከያው ከአየሩ ጋር መጣላቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥፋቱን በቅደም ተከተል እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ካርቡሬተሩ በእርግጥ ማስተካከል ሲያስፈልገው እንዴት እንደሚደረግና ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሞተር በየትኛው ቦታ ልክ መስተካከል እንዳለበት እንገልጻለን።

ጽሑፉ ካርቡሬተር ላላቸው ሞተር ብስክሌቶች ሁሉ ያገለግላል። በግብርና ሥራ ለብዙ ዓመታት የሚታወቁት ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ናቸው። አሁን በብዛት የሚታዩት ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ደግሞ በአብዛኛው ባለ አራት ምት ናቸው። ካርቡሬተር ሳይኖራቸው ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚያገኙ አዳዲስ ሞተሮች ግን በዚህ መመሪያ መነካት የለባቸውም።

1. ከፍታ ለውጥ የሚያመጣው ለምንድን ነው?

ሞተር ኃይል የሚያገኘው ቤንዚንና አየር በተመጠነ ልክ ተደባልቀው ሲቃጠሉ ነው። ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ «ወፍራም»፣ ቤንዚን ያነሰውን «ስስ» እንላለን። ካርቡሬተር የአየሩን ክብደት መዝኖ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች ስፋት ልክ ቤንዚን ያሳልፋል እንጂ አየሩ ቢሳሳም ቢወፍርም ራሱን አያስተካክልም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ይህንን በግልጽ ያሳየናል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ 225ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ብቻ ነች። ስለዚህ አንድ ነጂ ከጣርማ በር ተነሥቶ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁል ይወርዳል።

በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ በሸዋ ሮቢት 86 ገደማ፣ በደብረ ብርሃን 71 ገደማ፣ በጣርማ በር ከ70 በታች ይሆናል። የቆላው ሙቀት አየሩን በመጠኑ ስለሚያሳሳው ልዩነቱን ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን አያጠፋውም። ከዚህ የሚከተሉት ሁለት ነገሮች ይመጣሉ።

ሀ) ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ሞተር ወደ ደጋ ሲወጣ አየር ያንሰዋል። ድብልቁ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይከብዳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል።

ለ) ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ አየር ይበዛለታል። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ በተለይ ባለ ሁለት ምት ከሆነ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተናክሶ ሊቆም ይችላል።

ሁለቱ ጥፋቶች እኩል አይደሉም። ወፍራም ድብልቅ የሚያስከፍለው ቤንዚንና ካንዴላ ነው። ስስ ድብልቅ የሚያስከፍለው ፒስተን፣ ፋሻና ሲሊንደር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር የሚመነጨውም ከዚሁ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ካርቡሬተሩ በትክክል ቢስተካከል እንኳ በደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስለሚያንስ የሞተሩ ጉልበት በቆላ ከሚኖረው ያነሰ ይሆናል። በጣርማ በር አቀበት የጠፋውን ጉልበት በማስተካከያ ብሎን ለመመለስ መሞከር ድካም ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው፤ ሞተሩ ሲወርድ ስስ ሆኖ ይገኛልና።

2. የካርቡሬተር ክፍሎችና የሥራ ድርሻቸው

ካርቡሬተር አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ በውስጡ በየተራ የሚሠሩ ክፍሎች አሉት። የትኛው ክፍል በየትኛው የነዳጅ አሰጣጥ ላይ እንደሚሠራ ያወቀ ሰው የማይመለከተውን ብሎን አይነካም።

ሀ) ጽዋውና ተንሳፋፊው፦ ከካርቡሬተሩ ግርጌ ያለው ጽዋ ቤንዚን ይይዛል። በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ከልኩ ሲደርስ መግቢያውን ይዘጋል። የቤንዚኑ ልክ ከወረደ ድብልቁ በሁሉም አሰጣጥ ላይ ይሳሳል፤ ከፍ ካለ ይወፍራል፣ በትርፍ መውጫውም ይፈስሳል።

ለ) የሚኒሞ ጂግለርና የማስተካከያው ብሎን፦ ጂግለር ማለት በመጠን የተበሳ ትንሽ የናስ ዕቃ ነው። የሚኒሞው ጂግለር ሞተሩ ቆሞ ሲዞርና ነዳጅ መስጫው እስከ አንድ ስምንተኛ ሲከፈት ይሠራል።

ሐ) ተንሸራታቹ መዝጊያ፦ ነዳጅ ሲሰጥ በገመድ ተስቦ ወደ ላይ የሚነሣው ክፍል ነው። ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ባለው አሰጣጥ ላይ የሚወስነው የግርጌው አቆራረጥ ነው። በተለምዶ አይለወጥም።

መ) መርፌው፦ ከተንሸራታቹ መዝጊያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው አሰጣጥ ላይ ይሠራል። የልማት ሠራተኛ የዕለት ጉዞ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ ክልል ነው።

ሠ) ዋናው ጂግለር፦ ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ አሰጣጥ ያለውን ይመጥናል። በአስፋልት ላይ በሙሉ ነዳጅ ለረጅም ጊዜ ሲነዳ ሞተሩን ከቃጠሎ የሚያድነው ይህ ነው።

ረ) ቾኩ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለማስነሣት ድብልቁን ያወፍራል። በቆላ ጠዋትም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሳይመለስ ተረስቶ የቀረ ቾክ እንደ ካርቡሬተር ብልሽት ሆኖ ይታያል።

3. ካርቡሬተሩ ከመነካቱ በፊት

ከዚህ በታች ያሉት ምርመራዎች ከካቻቪቴ፣ ከፒንሳ፣ ከካንዴላ መፍቻና ከንጹሕ ጨርቅ በቀር የሚጠይቁት መሣሪያ የለም። በተራቸው መሠራት አለባቸው።

አንደኛ፣ የአየር ማጣሪያው። በይፋት ቆላ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎች የሚገባው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በወንዝ ዳር አሸዋ ነው። የተዘጋ ማጣሪያ ድብልቁን ያወፍራል። የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ውሃ ወይም በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል፤ በጥላ ይደርቃል። ከዚያ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ትርፉ ይጨመቃል። የወረቀት ማጣሪያ አይታጠብም፤ ቀስ ተብሎ ይራገፋል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በዝግታ ይነፋል፣ ካረጀ ይለወጣል። ሞተሩ «ቀለለው» በሚል ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ፈጽሞ አይገባም፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ አቧራውም ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይበላል።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑ። በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃ፣ ቆሻሻ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩ እንዲያንኳኳና እንዲሞቅ ያደርጋል። ከጽዋው ግርጌ ያለውን ብሎን ፈትቶ ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ መቀበል ጥሩ ነው። ውሃ ካለ ከታች ለብቻው ይታያል። አንድ ጠብታ በመዳፍ ላይ አድርጎ ማየትም ይቻላል፤ ንጹሕ ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት ይተዋል።

ሦስተኛ፣ የቤንዚኑ ፍሰት። ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ከጠፋና ትንሽ ቆይቶ ከተነሣ፣ የታንኩ ክዳን የአየር ቀዳዳ መዘጋቱ ይጠረጠራል። በጠፋ ጊዜ ክዳኑን መክፈት ነው፤ አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ ከተነሣ ጥፋቱ ታወቀ። ቱቦው ከካርቡሬተሩ ተነቅሎ መክፈቻው ሲከፈት ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ቱቦው የጋለውን ሲሊንደር የሚነካ ከሆነ ቤንዚኑ በውስጡ ሊፈላ ስለሚችል መራቅ አለበት።

አራተኛ፣ ካንዴላው። ቁጥሩ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉ ይታይ። የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ የተበላ ካንዴላ ይለወጥ። የተጠረጠረ ካንዴላን በአዲስ ለውጦ መሞከር ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው።

አምስተኛ፣ ያልተፈቀደ አየር። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው የመገናኛ ጎማ በሙቀት ይሰነጠቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ጥቂት የሳሙና ውሃ በጎማው ዙሪያ ጠብ ሲደረግ የሞተሩ አዟዟር ከተለወጠ በዚያ በኩል አየር እየገባ ነው። ለዚህ ምርመራ ቤንዚን መርጨት እሳት ያስነሣል። ጎማው ተሰንጥቆ ሳለ ካርቡሬተር ማስተካከል ዋጋ የለውም።

ስድስተኛ፣ ማርሚታው። በባለ ሁለት ምት ሞተር የዘይት ጥላሸት ማርሚታውን ይዘጋና ጉልበት ያሳጣል። ተፈትቶ መጠረግ አለበት።

እነዚህ ስድስቱ ደኅና ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ብቻ ወደ ካርቡሬተሩ እንሄዳለን።

4. ስስ ነው ወይስ ወፍራም? በምልክት መለየት

የወፍራም ድብልቅ ምልክቶች፦ ሞተሩ ሲሞቅ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ አለ፤ ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ይዟል፤ ቾክ ሲከፈት ይብስበታል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ ይከፋል፣ ወደ ቆላ ሲወርድ ይሻላል።

የስስ ድብልቅ ምልክቶች፦ ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ሞተሩ ያመነታል፣ በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሳል፤ ነዳጅ ሲዘጋ በማርሚታው ይተኩሳል፤ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ካንዴላው ነጭ ወይም አመድማ ይሆናል፤ ቾክ በግማሽ ሲከፈት ይሻለዋል፤ ወደ ቆላ ሲወርድ ይብስበታል።

ደኅናው ካንዴላ ቀለሙ እንደ ቡና ወተት ቡናማ ነው።

ቀጥሎ ችግሩ በየትኛው አሰጣጥ ላይ እንደሚታይ መለየት ያሻል። በነዳጅ መስጫው እጀታና በአቃፊው ላይ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ይደረግ፤ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ተብሎ ይከፈል። ከዚያ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ለጥቂት ጊዜ ይነዳ። በሚኒሞ ብቻ ካስቸገረ ወደ ሚኒሞው ክፍል፣ በመካከለኛው ካስቸገረ ወደ መርፌው፣ በሙሉው ካስቸገረ ወደ ዋናው ጂግለር እንሄዳለን። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ተንሳፋፊው፣ ቆሻሻ ወይም ያልተፈቀደ አየር ይጠረጠራል።

5. ማጠብና ማስተካከል

ማጠብ፦ ሥራው እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይከናወናል። የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋል፣ ጽዋው ይራገፋል፣ ካርቡሬተሩ ይፈታል። ማንኛውም ብሎን ከመነካቱ በፊት ያለበት ልክ ይጻፍ። የማስተካከያው ብሎን በዝግታ እስኪቀመጥ ወደ ውስጥ እየዞረ ስንት ዙር እንደሆነ ይቆጠር፤ ጠንክሮ አይጠበቅ፣ ጫፉ ይጎዳልና። ጂግለሮቹ በቤንዚን ታጥበው በጎማ መንፊያ ፓምፕ ይነፋሉ። በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ከዚያ በኋላ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ሐሰት ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚዘጋበት የሚኒሞው ጂግለር ነው፤ ቤንዚኑ ተንኖ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፣ በቆላው ሙቀት ደግሞ ይህ ይፈጥናል።

ተንሳፋፊው፦ ቀዳዳ ካለው በውስጡ ቤንዚን ይሰማል፤ ይለወጣል። የመዝጊያው ጫፍ ቀለበት የመሰለ መበላት ካሳየ ይለወጣል። ከፍታው በመመሪያው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ይሁን።

ዋናው ጂግለር፦ በሙሉ ነዳጅ ስስ የሆነ ሞተር ቁጥሩ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጂግለር ይፈልጋል፤ ወፍራም የሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ። ለምሳሌ በሚኩኒ ከ95 ወደ 97.5። በአንድ ጊዜ ከአንድ ደረጃ በላይ አይዘለል። የሚኩኒና የኬሂን ቁጥሮች በአንድ መለኪያ የወጡ ስላልሆኑ የአንዱን በሌላው መተካት አይገባም። ውጤቱን ለማየት፣ መኪና በማይበዛበት አቀበት በሙሉ ነዳጅ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ፣ ፍሪሲዮን በመያዝና ሞተሩን በማጥፋት በአንድ ጊዜ ይቆማል። ከዚያ የካንዴላው ቀለም ይታያል። የደሴው መንገድ ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ይህ ሙከራ በላዩ ላይ አይደረግ።

መርፌው፦ በራሱ ላይ ያሉት ጭረቶች ክሊፑ የሚገባባቸው ናቸው። ክሊፑ ወደ ላይኛው ጭረት ሲሄድ መርፌው ይወርዳል፣ ድብልቁ ይሳሳል። ክሊፑ ወደ ታችኛው ጭረት ሲሄድ መርፌው ይነሣል፣ ድብልቁ ይወፍራል። አንድ ጭረት ብቻ ተለውጦ ይሞከር። ከላይ ሰፊ ክዳንና በውስጡ ስስ የጎማ ድያፍራም ያለው ካርቡሬተር ከሆነ መርፌው ጭረት ላይኖረው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ድያፍራሙ አለመቀደዱን ማየት ይበቃል።

ሚኒሞው፦ ይህ የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው። ሞተሩ በጉዞ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞው ብሎን አዟዟሩ ጥቂት ከፍ ይደረግ። ቀጥሎ የድብልቁ ብሎን በሩብ ዙር እየተለወጠ ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖና ተስተካክሎ የሚዞርበት ነጥብ ይፈለግ። በየሩብ ዙሩ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። ነጥቡ ሲገኝ ሚኒሞው ወደ ልኩ ይመለስ። ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ሞተሩ ሳያመነታ መነሣት አለበት። ብሎኑ በብዙ ሞተሮች ላይ ከዝግ ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ወጥቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብሎኑ ከተንሸራታቹ መዝጊያ ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ አየርን ይመጥናል፤ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ድብልቁ ይወፍራል። ብሎኑ ወደ ሲሊንደሩ በኩል ከሆነ ቤንዚንን ይመጥናል፤ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ድብልቁ ይሳሳል። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ባለ አራት ምቶቹ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት አላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ሠራተኛ የለመደውን ተከትሎ ቢያዞር ሊያወፍር አስቦ ያሳሳል።

ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለት ነገር ለውጦ የተሻለው ሞተር በየትኛው እንደዳነ አይታወቅም፤ የባሰውም በየትኛው እንደታመመ አይታወቅም።

6. ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሞተር

በሰሜን ሸዋ ዞን አንድ ሞተር ብስክሌት ሰኞ ደብረ ብርሃን፣ ረቡዕ ሸዋ ሮቢት ሊገኝ ይችላል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውም እንዲሁ ነው። በየጉዞው ጂግለር መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ሞተሩ ከሚሠራባቸው ቦታዎች ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ልክ ይስተካከል። በደጋ ጥቂት ቢከብደውና ቤንዚን ቢጨምርም ይታለፍ። ይህ ክብደት ጉዳት አያመጣም፤ በቆላ ስስ መሆን ግን ያመጣል።

ለ) በደጋ የተጠገነ ሞተር ወደ ይፋት ሲመደብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጂግለሩ ወይም መርፌው ተነክቷል ወይ?» የሚለው ነው። ተነክቶ ከሆነ ወደ ፋብሪካው ልክ ሳይመለስ በቆላ በሙሉ ነዳጅ አይነዳ።

ሐ) እንዲህ ያለ ሞተር ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃና ወደ ሰንበቴ በሚወስደው አስፋልት፣ በቀትር ሙቀት፣ ሁለት ሰው ወይም ከባድ ጭነት ይዞ በሙሉ ነዳጅ ሲነዳ ለአደጋ ይጋለጣል። ጉልበቱ በድንገት ከቀነሰ ወይም የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ወዲያው ፍሪሲዮን ይያዝ፣ ነዳጅ ይዘጋ፣ ሞተሩ በጥላ ቆሞ ይቀዝቅዝ። በጋለ ሲሊንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ክልክል ነው።

መ) ባለ ሁለት ምት ሞተር ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ነዳጁን ጨርሶ ዘግቶ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት መውረድ የለበትም። ይህ ሞተር የሚቀባውን ዘይት የሚያገኘው ከሚገባው ቤንዚንና አየር ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ተዘግቶ በፍጥነት ሲዞር ዘይት ያንሰዋል። በየመሐሉ ጥቂት ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል።

ሠ) የዘይት ፓምፕ ባለው ሞተር የዘይቱ ታንክ በየጠዋቱ ይታይ። ዘይት በእጅ የሚቀላቀልበት ከሆነ በመመሪያው ልክ ተለክቶ ይቀላቀል እንጂ በግምት አይደረግ።

7. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ካርቡሬተር የሞተር ብስክሌት ብቻ አይደለም። በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ከሚጠቀሙባቸው አነስተኛ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች በቤንዚን የሚሠሩት ካርቡሬተር አላቸው። ብዙዎቹ የሚለወጥ መርፌ የላቸውም፤ የማጣሪያ፣ የቤንዚን፣ የጽዋና የጂግለር ንጽሕና ምርመራው ግን አንድ ነው። በበጋ ሽንኩርት ውሃ በሚፈልግበት ጊዜ መሳቢያው ቢቆም የሚደርሰውን ጉዳት ገበሬው ያውቀዋል። ስለዚህ የሚከተሉት ቢደረጉ ይጠቅማሉ።

ሀ) ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይከፈት። የዋናው ጂግለር ቁጥር፣ የሚኒሞው ጂግለር ቁጥር፣ የክሊፑ ቦታ፣ የብሎኑ ዙርና የካንዴላው ቁጥር ይጻፍበት። ሠራተኛ ሲቀየር ደብተሩ ከቁልፉ ጋር ይረከብ።

ለ) ማኅበሩ ትርፍ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የጽዋ ጓርኒሲዮንና ከፋብሪካው ቁጥር በላይና በታች አንዳንድ ደረጃ የሆኑ ጂግለሮችን ይያዝ።

ሐ) ከማኅበሩ አባላት ሁለት ወጣቶች ተመርጠው ይህንን ሥራ ይማሩ። አንዱ ቢታጣ ሌላው ይገኛልና።

መ) ቤንዚን ሲገዛ በጨርቅ ወይም በወንፊት ተጣርቶ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ይቀመጥ።

ሠ) ሞተሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ መክፈቻው ተዘግቶ ጽዋው ባዶ ይደረግ።

የምርመራ ጊዜ

በየቀኑ፦ ዘይት፣ የሚያፈስ ቤንዚን፣ የቾኩ መመለስ። በየሳምንቱ፦ የአየር ማጣሪያ፤ በአቧራ ወራት በየሁለትና በየሦስት ቀኑ። በየወሩ፦ ካንዴላ፣ የመገናኛ ጎማ፣ የጽዋው ዝቃጭ። ከዘርና ከአረም ወራት በፊት፦ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ይታጠብ።

ማጠቃለያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ፒስተን ከመንከሱ በፊት የሚታይ ምልክት አለ፤ ነጭ ካንዴላ፣ የሚያስነጥስ ካርቡሬተር፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት። ምልክቱ ሲታይ በመጀመሪያ ማጣሪያው፣ ቤንዚኑ፣ ካንዴላውና የመገናኛው ጎማ ይመርመሩ። ካርቡሬተሩ ቀጥሎ ነው፤ እሱም በተራ፣ አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ። በደጋና በቆላ መካከል የሚሠራ ሞተር ለቆላው ይስተካከል። ይህንን የያዘ ሠራተኛ በየወቅቱ የሚወጣውን የጥገና ወጪ ይቀንሳል፤ ገበሬውም በሚፈልገው ቀን ከማሳው ላይ ያገኘዋል።